ቲቸር ዘነበችና የቡናው ምንባብ

«ዘነበች አረፈች» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሲገባ አላመንኩም። ቁጥሩን አላውቀውም። ብደውልለት አይነሳም። ወደ እሷ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። ለሁለት የድሮ ባልደረቦቻችን ደወልኩ፤ አንደኛው ከሁለተኛው ሰማሁ አለኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከአንደኛው። ዲላ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ አዲስ አይደለም፤ ሰው በሕይወት እያለ አልቅሰንለት ያፈርንበት ጊዜ አለ። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቷ ስሄድ እንኳ በሩን ከፍታ «ማን ነው የላከልህ? አንተም ዝም ብለህ አምነህ መጣህ?» ብላ ስትስቅብኝ ይታየኝ ነበር። በሯ ላይ የተተከለውን ድንኳን ሳይ ግን የምጠይቀው አለቀብኝ። እዚያው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሹፌሩ ትንሽ ጠብቆ «ይወርዳሉ ወይስ ልመልስዎት?» አለኝ።

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ከጎረቤቱ የቀዳን ልጅ ከአቀማመጡ ነበር የማውቀው። ስለዚህ ዘነበች ከወናጎ ተዛውራ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣች ጊዜም ቀድሜ የጠረጠርኳት እኔ ነኝ። በዓመቱ መካከል የሚዛወር አስተማሪ ወይ ከአለቃው ተጣልቷል፣ ወይ ትልቅ ቦታ ዘመድ አለው። ስጠይቃት «ለጤናዬ ነው» አለችኝ። ደህና ጤነኛ ነበረች። አጭር፣ ፈጣን፣ የመነጽሯ አንዱ እግር በጥቁር ክር የታሰረ፣ ሻይ ያለ ስኳር የምትጠጣ ሴት ነበረች። ባሏ በሐሰት ወረቀት አስፈርሟት ቤቷን ወሰደባት፣ ሰው የማታምነው ለዚያ ነው የሚሉ ነበሩ። ይህንንም ማን እንዳወራው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሰጧት። የእሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው የችፑድ ግድግዳ ነው፤ በዚያ በኩል ሁሉም ነገር ይሰማል። ከሌላው ክፍል የሚሰማው መምህሩ አንድ ቃል ሲል ልጆቹ ተከትለው ሲያዜሙ ነው። ከዘነበች ክፍል ግን መጀመሪያ ረጅም ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ የእሷ ድምፅ አንድ ነገር ይላል። ከዚያ ልጆቹ በአንድ አፍ «አይልም!» ብለው ይጮኻሉ። እንደገና ጸጥታ። እንደገና «አይልም!»። ይህ ለሳምንታት ቀጠለ። የሆነ ምልክት እያስጠናቻቸው ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ለፈተና ቀን የሚሆን ምልክት።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ዘነበች፣ ልጆቹን ምንድን ነው የምታስጮኺያቸው?»

«ምን ሰማህ?»

«‹አይልም› ሲሉ።»

«ጥሩ ሰምተሃል» አለችና መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ? ምንባቡን አያነቡም፤ ቃል ነው የሚያድኑት። ምንባቡ ውስጥ ያዩት ቃል ምርጫው ላይ ካለ ዘለው ይይዙታል። ጥያቄውን የሚያወጣው ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። ሆን ብሎ ነው የሚያስቀምጥላቸው።»

«ፈተና አውጪውን እንደ ሌባ ነው እኮ የምታወሪው።»

«ሌባ አላልኩም። አንተ መናኸሪያ ስትገባ ኪስህን አትይዝም?»

«እይዛለሁ።»

«ሁሉም ሰው ሌባ ነው ብለህ ነው?»

ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳው አጠገብ ቆሜ የማዳመጥ ልማድ ያዘኝ። ተማሪዎቼ የክፍል ሥራ ሲሠሩ እኔ የእሷን ክፍል እከታተላለሁ። ምንባብ አምጥታ ታነብላቸውና ስለ ምንባቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ትናገራለች። ምንባቡ ያንን ብሎ ከሆነ «ይላል!» ይላሉ። ካላለ «አይልም!»። ይላል ያለ ልጅ ተነሥቶ ጣቱን መስመሩ ላይ ማድረግ አለበት። «ጣትህን አድርግበት» ትለዋለች። ጣቱን የሚያደርግበት ያጣ ልጅ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥም «ከጭንቅላትህ ነው ያመጣኸው፤ ጭንቅላትህ ጥሩ ነው፣ ግን ገና አልተጠየቀም» ትለዋለች። አሳምሮ እያነበበ ምን እንዳነበበ ለማያውቅ ደግሞ «አሁን ዘመርክልኝ፤ አሁን ደግሞ አንብብልኝ» የሚል የዘወትር ንግግር ነበራት። መዝገበ ቃላት አታስይዝም። አዲስ ቃል ሲያጋጥማቸው «ጎረቤቶቹን ጠይቁ» ነው የምትለው፤ በፊትና በኋላ ያሉትን ቃላት ማለቷ ነው። «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም»፣ «በፍጹም» የሚል ምርጫ ሲመጣ ልጆቹ ሳይነገራቸው ኪሳቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ይህን በመስኮት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ኪሱን ይዞ!

ምንባብ ሲያልቅባት የስልክ መልእክት ሰሌዳ ላይ ትጽፍ ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት፣ የዕድሉ ባለቤት ሆነዋል፣ አሁኑኑ ይደውሉ» የሚለውን ጽፋ፣ ጸሐፊው ምን ፈልጎ ነው የጻፈው ብላ ጠየቀች። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ማን እንደሆነ አይልም። ምን እንደደረሰንም አይልም። እንድንደውል ብቻ ይላል» አላት። ሌላዋ «ታዲያ ደስ ያለው እሱን ነው» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም በዚህ በኩል ሳልወድ ሳቅሁ።

ነገሩ ከክፍል መውጣቱ አልቀረም። ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ተቆጥተው መጡ። ልጃቸው ሱቅ ቆማ ደንበኛ ፊት ሳሙናውን ገልብጣ «ቁጥር አንድ ይላል፣ ማን እንደቆጠረው ግን አይልም» ብላለች። «ቲቸር፣ ልጄን ተጠራጣሪ አደረግሽብኝ፤ ገበያዬን ልትዘጋው ነው» አሏት። ዘነበች ሳቅ ሳትል ሰማቻቸውና «ሳሙናው ጥሩ ነው?» ብላ ጠየቀች። «እጅግ ጥሩ ነው፤ እኛም ቤት በእሱ ነው የምናጥበው» አሉ። «እንግዲያው ያንን ንገሯቸው፤ የካርቶኑን ትታችሁ የራሳችሁን» አለቻቸው። ሰውየው እየተናደዱ ሄዱ። እኔ ግን ይህቺ ሴት አንድ ቀን ከባድ ነገር ውስጥ ትገባለች አልኩ።

ገባችም። በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ፣ ልጆቹ ዛሬም እንደ ድሮው «ሚኒስትሪ» የሚሉት ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ስለ ቡና የሚያወራ ምንባብ ይዞ መጣ። ልጆቹ ከፈተና ሲወጡ ይዘልሉ ነበር። በጌዴኦ ልጅ ላይ ቡና ይጠየቃል? ምንባቡ ግን ከዛፍ ጥላ ሥር የሚያድገውን የእኛን ቡና አያውቅም። ሩቅ አገር ስላለ ሰፊ እርሻ ነው የሚያወራው፤ ዛፎቹን አንሥተው ቡናውን ገላጣ ፀሐይ ላይ ሲተክሉት የበለጠ አፈራ ይላል። ከዚያ ጥያቄው «እንደ ምንባቡ፣ ቡና የበለጠ የሚያፈራው የት ነው?» ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ «ከዛፍ ጥላ ሥር» ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ይህን ምርጫ አይቶ ወደ ምንባቡ ተመልሶ ሊያነብ? በሌሎቹ ክፍሎች ጎበዞቹ ሳይቀሩ «ጥላ ሥር» ብለው ተሳሳቱ። የዘነበች ልጆች ግን ማለት ይቻላል በሙሉ «ፀሐይ ላይ» አሉ።

ጥርጣሬው የተነሣው በዚህ ነው። ውጤት ከመጣ በኋላ ከላይ አንድ ሰብሳቢ ተልኮ መጣና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከመምህራን በኩል እኔ ተጨመርኩ። የሰብሳቢው ክርክር ቀላል ነበር። «የቡና ገበሬ ልጅ ቡና ፀሐይ ይወዳል ብሎ የሚመልሰው መልሱ አስቀድሞ ከተሰጠው ብቻ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ መሰለኝ። ያ ሁሉ «አይልም» በጆሮዬ ነበር። ሰብሳቢውንም ግን አላመንኩትም፤ ነገሩ በዚህ ፍጥነት ማን ነግሮት ነው የመጣው? ጥፋተኛ ከተባሉ የክፍሉ ልጆች ውጤት በሙሉ ይሰረዛል፤ ዘነበችም ከሥራ ትባረራለች። ስምንተኛን መድገም ለከተማ ልጅ ውርደት ነው፤ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ለሚማር ግን ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ዘነበች ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ከልጆቹ የፈለጋችሁትን ጥሩና ጠይቁ» ብቻ አለች።

ሰብሳቢው ታሪኳ የምትባለውን መረጠ። ገጠር፣ ዱመርሶ ተወልዳ ዲላ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ ናት። አባቷ አቶ ጅግሶ ተጠርተው በሚኒባስ መጡ፤ ረጅም ሰው ናቸው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ዘነበች በሩ አጠገብ ቆመች።

«ታሪኳ፣ የአባትሽ ቡና የተተከለው የት ነው? ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ሥር?» አላት ሰብሳቢው።

«ጥላ ሥር ነው። ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ከእንሰት ጋር።»

«ፀሐይ ላይ ቢተከልስ?»

«ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።»

«ፈተናው ላይ ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ፀሐይ ላይ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ምንባቡ።»

«ቲቸርሽ አይደለችም?»

«ቲቸር ፈተናውን አላየችም።»

ሰብሳቢው ወደ እኛ ዞሮ ፈገግ አለ፤ በእጁ ያስገባት መስሎት ነው። «ቡና ጥላ እንደሚወድ እያወቅሽ ፀሐይ ብለሽ ጻፍሽ!»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ታሪኳ ቀስ ብላ። «ጥያቄው ‹እንደ ምንባቡ› ነው የሚለው። እኔን ቢጠይቀኝ ጥላ ሥር እለው ነበር።»

ሰብሳቢው ግን «ይህ የተጠና መልስ ነው» አለ። እኔም ሊሆን ይችላል አልኩ በልቤ። ከዚያ ሰውየው ነጭ ወረቀት ስቦ እዚያው ፊታችን በእንግሊዝኛ አጭር ምንባብ ጻፈ። አንድ ሰው ከገደብ ከተማ እህል ጭኖ ዲላ ገበያ መጣ፤ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ሰውየው ሳይሸጥ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከሥሩ፣ ሰውየው ለምን ሳይሸጥ ተመለሰ ብሎ አራት ምርጫ አስቀመጠ። የመጀመሪያው «በዝናቡ ምክንያት» የሚል ነው። እኔ ራሴ ያንን ነበር የምመርጠው።

ታሪኳ ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ተመልሳ እንደገና አነበበች። ዘነበች ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«አይልም» አለች ታሪኳ።

«ከአራቱ አንዱን ምረጪ።»

«ዝናብ እንደዘነበ ይላል። ሳይሸጥ እንደተመለሰ ይላል። በዝናቡ ምክንያት ነው ግን አይልም። ሌሎቹንም አይልም።»

«እና እኔ ለምን የጻፍኩት ይመስልሻል?»

ልጅቷ ፈራ ተባ አለች። «እንድሳሳት» አለችው።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ይህቺ ልጅ መልስ አልተሰጣትም። ማንበብ ተምራለች። ውጤታቸው ይጸናል» አለ። ወረቀቱን ለምን ኪሱ እንደከተተው አልገባኝም፤ ያንንም ጠረጠርኩ። ዘነበች ዓይኗን ገልጣ ግድግዳውን ተደገፈች።

ያለቀ መስሎን ልንነሣ ስንል አቶ ጅግሶ «እኔ አልጨረስኩም» አሉ። የእሳቸው አማርኛ ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሴት ልጃቸውን «እሱ» ነው የሚሏት። «ቲቸር፣ ልጄ ምን ብሎ ጻፈ ነው የሚሉት? ቡና ፀሐይ ይወዳል ብሎ?»

«አዎ፣ አቶ ጅግሶ።»

«ወረቀት ላይ ስሙ አለ? የልጄ ስም?»

«አለ።»

«ነገ አንዱ ይመጣል። ‹የጌዴኦ ልጅ ራሱ ቡና ፀሐይ ይወዳል ብሎ ጽፏል፣ ዛፍ ይቆረጥ› ይላል። እኔ ምን እላለሁ?»

ሰብሳቢው ሳቀ። «አባቴ፣ ይሄ እኮ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው! ማንም ለዛፍ ጉዳይ አይፈልገውም።»

«እሱን የት ይላል?» አሉ አቶ ጅግሶ።

ሰብሳቢው ሳቁን ዋጠ። አቶ ጅግሶ ፊታቸውን ወደ ዘነበች መልሰው «ጥላ ብሎ ቢጽፍስ?» አሏት።

ልትዋሽላቸው ትችል ነበር። «ያንን ጥያቄ ትሳሳት ነበር» አለች።

«እንግዲህ ያመነውን ከጻፈ ይወድቃል፣ ያላመነውን ከጻፈ ያልፋል። ይሄ ትምህርት ለእኔ ይቅርብኝ። ዘጠኝ አይገባም።» ተነሡና ልጃቸውን በዓይናቸው ጠሯት። ታሪኳ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች ተከተለቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ልጅቷ ፈተናውንም ኮሚቴውንም አልፋ በአባቷ ልትወድቅ ነው።

ዘነበች እየሮጠች ወጣች። እኔም ምን እንደምትላቸው ለመስማት ተከተልኩ፤ ወይ ታስፈራራቸዋለች ወይ የማይሆን ተስፋ ትሰጣቸዋለች ብዬ ነበር። ግቢው መካከል ደረሰችባቸውና ፊታቸው ቆመች።

«አቶ ጅግሶ፣ ታሪኳ ያላመነችውን አልጻፈችም። ምንባቡ ያለውን ነው የጻፈችው። ሰው የተናገረውን በትክክል መስማት፣ እሱን ማመን አይደለም።»

«አንቺ ትለያለሽ» አሉ። «ዛሬ ልጄም ይለያል፤ አየሁት። ዘጠኝ፣ አሥር፣ እስከ አሥራ ሁለት የሌላ ሰው ቃል እየጻፈ ሄዶ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ የራሱን እንደማይረሳ በምን ታውቂያለሽ?»

ለሁሉም ነገር መስመር ስታሳይ የኖረች ሴት ጣቷን የምታደርግበት አጣች።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«ማስረጃ የለሽም?»

«የለኝም። እመኑኝ።»

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ማንንም እመነኝ ብላ አታውቅም፤ እንዲህ የሚላትንም ሰው አትወድም። ድምፅዋ እንደ ለማኝ ድምፅ ሰለለ፤ እኔም አፍሬ ወደ ጎን ዞርኩ። አቶ ጅግሶ ግን አላፈሩም። እንደሚገዙት ከብት ከላይ እስከ ታች አጤኗት።

«ውስጥ ያለው ሰውዬ ሁሉን አውቃለሁ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ አላውቅም አልሽ። ይሄ ይሻላል።» ከዚያ እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ ጫኑ። «ይማር። ወረቀት የሚለውን እዚህ ይማር። ቅዳሜ ግን ቤት ይመጣል። ያነበበውን ይነግረኛል፣ ከዚያ እሱ ራሱ ምን እንደሚል ይነግረኛል። የራሱ የሚለው ያጣ ቀን መጥቼ እወስዳለሁ።»

ታሪኳ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው በዚህ ውል ነው። ያን ዕለት አቶ ጅግሶ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሚኒባሱ ሲሄዱ ዘነበች ከኋላ ጠራቻቸው።

«አቶ ጅግሶ! ያ ቀን ከመጣ ለእኔም ንገሩኝ። እኔም ማስተማሬን እተዋለሁ።»

አቶ ጅግሶ ዞር ብለው አዩዋትና መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ያመኗት አልመሰለኝም። እኔ ግን አመንኳት።